ዝርዝሩን የሚጽፈው ማነው?

የበዓል ሰሞን ነው እንበል። የወጣቶች ኅብረታችሁ ገንዘብ አዋጥቷል። አንዱ ከደመወዙ፣ ሌላዋ ከኪስ ገንዘቧ ሰጥታለች፤ አረብ አገር ሆና የላከችም አለች። ተደምሮ 60,000 ብር ሆነ። ለ20 ቤተሰብ ዘይት፣ ዱቄትና እንቁላል ለማደል ተስማማችሁ፤ ጸለያችሁም። ከዚያ አንዱ ወረቀትና እስክሪብቶ ያወጣና «በሉ ስም ጥሩ» ይላል።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች ደቂቃ ነው። ዘይቱ ከየት እንደሚገዛ፣ ማን መኪና እንደሚያመጣ፣ በዕለቱ ማን እንደሚጸልይ ብዙ ጊዜ ሰፊ ውይይት ይደረግበታል። ስም የሚጠራበት ጊዜ ግን አጭር ነው። አንዷ የጎረቤቷን እናት ትጠራለች፤ ሌላው ከመዘምራን መካከል የአንዱን ልጅ ቤተሰብ ያነሳል፤ አንድ ሰው ደግሞ «የእሷ እንኳ ልጇ ውጭ አገር ነው» ብሎ አንድ ስም ያሰርዛል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሃያው ስም ይሞላል። በሰፈሩ የተቸገረው ቤት ግን ሃያ ብቻ አይደለም። ሃያ አንደኛዋ ሴት ስሟ ሳይጠራ የቀረው ከሃያኛዋ ይልቅ ስለደላት ነው? ወይስ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚያውቃት ሰው ስላልነበረ?

ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ድሃው ማን እንደሆነ የመወሰን መብት ያለው ማነው? ገንዘቡ የእርሱ ነውና ሰጪው ነው? መንግሥት ነው? ጎረቤት ነው? ወይስ ራሱ የተቸገረው?

ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ብቻ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ዝርዝር የሚጽፍ ሰው ሥልጣን ይዟል። የሚሰጠው ከኪሱ ቢሆንም፣ ልቡ ቅን ቢሆንም፣ እስክሪብቶውን በያዘባት ሰዓት በሌላው ሰው ማጀት ላይ ይፈርዳል። ፈራጅ መሆናችንን ሳናውቅ ስንፈርድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምንፈርደው በትውውቅ ነው።

አንዳንድ ኅብረቶች ይህን አይተው መስፈርት ያወጣሉ፤ የወር ገቢ፣ የልጆች ቁጥር፣ የቤት ኪራይ፣ ሕመም። መልካም ነው፤ ከትውውቅ ይሻላል። ግን ቅጽ ይዛችሁ ቤት ለቤት ስትሄዱ የምታገኙት መልስ ምን ያህል እውነቱን ይነግራችኋል? ጉልት የምትሸጥ ሴት የወር ገቢዋን ራሷም አታውቀውም፤ ዛሬ የሸጠችበት ነገ የምትገዛበት ነው። የጡረታ ደብተር ያላቸው አባት በወረቀት ላይ ገቢ አላቸው፤ በየሳምንቱ ኩላሊቷን የምታሳጥብ ልጅ እንዳለቻቸው የሚጻፍበት ቦታ ግን ቅጹ ላይ የለም። ይሉኝታም አለ። እኛ አገር ጨዋ ድሃ የሚባል ሰው አለ፤ እንግዳ ሲመጣበት የመጨረሻዋን ቡና ቆልቶ የሚያፈላ፣ «እንዴት ናችሁ?» ሲሉት «ተመስገን» የሚል፣ በሩን ዘግቶ ጦሙን የሚያድር። እንዲህ ያለው ሰው ቅጹን ሲያይ «እኔ ምን ጎደለኝ፣ ለባሰበት ስጡ» ይላችኋል። በሌላ በኩል ችግሩን አሳምሮ መናገር የሚችል፣ እንባው የሚቀርብለት ሰው አለ። እርሱም የእውነት ተቸግሮ ይሆናል። ነገር ግን ቅጻችሁ የመዘነው ችግርን ነው ወይስ ችግርን የመናገር ችሎታን?

ይህን ጥያቄ በሚሊዮኖች ደረጃ የተጋፈጠ ፕሮግራም በአገራችን አለ። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። ከዚያ በፊት ዝናብ በቀረ ቁጥር መንግሥት ለጋሾችን ይማጸናል፤ እህሉ ይዘገያል፤ ገበሬው እህሉ እስኪደርስለት በሬውን ሸጦ ይጠብቃል። ከእነዚያ ገበሬዎች ብዙዎቹ ግን ዝናቡ በዘነበበትም ዓመት ቀለባቸው ከዓመት ዓመት አያደርሳቸውም ነበር። ሴፍቲኔት የተነሣው ከዚህ ነው። በየዓመቱ ምግብ የሚጎድለው ቤተሰብ ቀለቡ በሚያልቅበት ወቅት፣ በዓመት ለ6 ወር ያህል፣ ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ አውቆ እንዲጠብቅ ነው። መሥራት የሚችለው እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠግናል፣ ኩሬ ይቆፍራል። አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሌሎች መሥራት የማይችሉ ሳይሠሩ ይቀበላሉ። ገና በጅምሩ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ታቀፈ። ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር የ5 ቀን ሥራ ይታሰብለታል፤ በጊዜው የቀን ክፍያው 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ነበር።

የአምስት ሚሊዮን ሰው ስም አዲስ አበባ ተቀምጦ መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ተከፈለ። ምን ዓይነት ቤተሰብ መታቀፍ እንዳለበት ፕሮግራሙ ወሰነ፤ ያ ቤተሰብ የማን ቤት እንደሆነ እንዲናገሩ ግን ለጎረቤቶቹ ተተወ። በየሰፈሩ ሴቶችም፣ ሽማግሌዎችም፣ ወጣቶችም ያሉበት ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ኮሚቴው ስሞቹን ያዘጋጃል፤ ዝርዝሩ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ሰው ይተችበታል። ቆይቶም በቀበሌ ደረጃ ለብቻው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ተደረገ፤ ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች በራሳቸው ዝርዝር ላይ የቀረበውን አቤቱታ እንዳይዳኙ ነው። ማኅበረሰቡን መሠረት ያደረገ አሠራር ሲባል ትርጉሙ ይህ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የማን በሬ እንደሞተ፣ የማን ልጅ ከተማ ሄዶ ገንዘብ እንደሚልክ፣ ማን መሬቱን ለእኩል ሰጥቶ እንደሚኖር ከጎረቤት የሚሰወር የለም። ከወረዳ የመጣ ባለሙያ በሦስት ቀን የማያገኘውን እውነት ጎረቤት በአንድ ስኒ ቡና ላይ ያውቀዋል። ጎረቤት ግን ዘመድም አለው፣ ቂምም አለው። የወሰን ክርክር ያለበት ሰው ስለ ባላንጣው ችግር እንዲመሰክር ስትጠይቁት ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ከሌላ አካባቢ መጥታ ያገባችና ባሏ የሞተባት ሴት በስብሰባው ላይ የሚቆምላት ወንድም የላትም። ሁሉን የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉን ይናገራል ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በክፋት ያልተሠራ ነገር። ለየወረዳው የሚሰጠው ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ያነሰ ነበር። ስለዚህ በብዙ ቦታ ኮሚቴዎቹ ለጥቂቶች ሙሉውን ከመስጠት ይልቅ ለብዙዎች ቀንሰው ሰጡ። ስድስት ነፍስ ካለበት ቤት ሦስቱን ብቻ መዘገቡ። ሒሳቡን አስሉት። በእህል ከሆነ ስድስት ሰው በወር 90 ኪሎ ማግኘት ነበረበት፤ የተመዘገበው ሦስት ከሆነ 45 ኪሎ ይዞ ይገባል፤ የሚበላው ግን ስድስት ሰው ነው። በፕሮግራሙ ዓይን ይህ ጉድለት ነው፤ ቤተሰቡ ጥሪቱን ሳይሸጥ ክፉውን ወቅት እንዲያልፍ የታሰበው ዕቅድ ይፈርሳል። በኋላ የወጡት መመሪያዎች መላው ቤተሰብ እንዲመዘገብ አጥብቀው ያዘዙትም ለዚህ ነው።

መንደሩ ግን ለምን እንዲህ አደረገ? አለማወቅ ነው ለማለት አትቸኩሉ። ሁሉም ችግረኛ በሆነበት መንደር አንዱን «ድሃ» ሌላውን «ደህና» ማለት መስመር ማስመር ነው። ነገ ልጅ ሲታመም በቃሬዛ የሚሸከመው፣ ቤት ሲቃጠል ሣር የሚያመጣው፣ በሬ ሲጎድል የሚያቀናጀው ያው ከመስመሩ በታች የቀረው ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንዲሉ፣ ለእነዚያ ሰዎች ጎረቤት ራሱ የኑሮ ዋስትና ነው፤ የዘንድሮ 45 ኪሎ ቀርቶባቸው እርሱን ቢያተርፉ ይመርጣሉ። ይህ ሞኝነት አይደለም። ነገር ግን የመንደሩ ሰላም በማን ሒሳብ ተገዛ ብላችሁ ጠይቁ። ትንሽ የጎደለበት ገበሬ ትንሽ ጨመረለት፤ ምንም የሌላት መበለት ግማሽ ድርሻዋን አጣች። የሰላሙን ዋጋ የከፈለችው ከሁሉ የባሰባት ናት። ማንም አላማከራትም። እኩል ማካፈል ከፍትሕ ጋር አንድ የሚመስለን ብዙ ጊዜ እኛ መካከል ላይ ስለቆምን ነው፤ ከታች ላለችው ሴት እኩልነቱ ራሱ ይጎዳታል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ የመንደሩን ሰዎች ግን ለመውቀስ አፍ የለኝም።

መጽሐፍ ቅዱስን የምታውቁ ሰዎች ናችሁና እስካሁን አንድ ታሪክ ትዝ ሳይላችሁ አልቀረም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ላይ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የዕለት ምግብ ታድላለች። ግሪክኛ የሚናገሩት አይሁድ መበለቶቻቸው ችላ ስለተባሉ ያንጎራጉራሉ። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ የምንሰብከው ስለ አገልግሎት ክፍፍል ነው፤ ሐዋርያት ለቃሉ፣ ሌሎቹ ለማዕድ። እስቲ አሁን እንደ አንድ የእርዳታ ፕሮግራም አንብቡት። ማጉረምረሙ መንፈሳዊ ሕመም ነው አልተባለም። አጉረምራሚዎቹ ምስጋና ቢስ ናቸው አልተባለም። ሐዋርያት ጉባኤውን ጠሩ፤ መስፈርቱን እነርሱ ተናገሩ፤ ሰዎቹን ግን ጉባኤው እንዲመርጥ ተዉለት። ከዚያ የተመረጡትን ሰባት ስሞች ተመልከቱ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ሁሉም የግሪክ ስሞች ናቸው። ከኢየሩሳሌም አይሁድም አንዳንዶች የግሪክ ስም ስለነበራቸው በስም ብቻ ሁሉን መደምደም አይቻልም፤ ኒቆላዎስ ግን የአንጾኪያ ሰው፣ ወደ ይሁዲነት የገባ እንደነበረ በግልጽ ተጽፏል። ብዙ ተርጓሚዎች እንደሚያዩት፣ ጉባኤው ማዕዱን አሳልፎ የሰጠው ለቅሬታ አቅራቢዎቹ ወገን ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ምን እናደርግ ነበር? ከሁለቱም ወገን እኩል ቁጥር ያለው ኮሚቴ እናቋቁም ነበር፤ ወይም «ለወደፊቱ ይታሰብበታል» ብለን በጸሎት እንዘጋ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ከሰባቱ መካከል መበለት የለችም። በዘመኑ ልማድ የሚጠበቅ ነው፤ ለእኛ ግን ያልተጨረሰ ሥራ ሆኖ ይታየኛል። ወገኖቿ ስለ እርሷ ተናገሩ፤ እርሷ ራሷ ምን ትል እንደነበር አልተጻፈልንም።

ወደ እናንተ 60,000 ብር ልመልሳችሁ። «እንግዲያው እኛም ጎረቤቶችን ሰብስበን ዝርዝሩን እናንብብ?» ትሉኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጌታ ምጽዋት ስናደርግ መለከት እንዳናስነፋ፣ በስውር እንድናደርገው አስተምሮናል። ፍትሕ ደግሞ አደባባይን ይወዳል፤ ያልተነበበ ዝርዝር የወንድም ልጅ የሚገባበት ዝርዝር ነው። ምሕረት መጋረጃ ይፈልጋል፣ ፍትሕ መስኮት ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቤት እንዴት እናኑራቸው?

መለያው ያለው «ለማን?» በሚለው ላይ ይመስለኛል። ዝርዝሩ በመንደር ስብሰባ ሲነበብ የሚሰሙት ሰዎች ሁለት ነገር አላቸው፤ ችግሩን አስቀድመው ያውቁታል፣ ዝርዝሩ ቢሳሳት «ይህ ልክ አይደለም» ብለው መናገር ይችላሉ። አሁን ከዕደላ በኋላ የምናነሣውን ፎቶ አስቡት። እናት አምስት ሊትር ዘይት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በግራና በቀኝ ቲሸርት የለበሱ ወጣቶች፣ ከኋላ ባነር። ፎቶው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይወጣል። የሚያዩት ሰዎች እናቲቱን አያውቋቸውም፤ መመረጣቸው ትክክል ይሁን አይሁን ሊናገሩ አይችሉም። ይህ ግልጽነት ማንንም ከስሕተት አያርምም። የእኚህን እናት መቸገር ብቻ ያውጃል። ለለጋሾች ማስረጃ ያስፈልጋል ከተባለ ደረሰኝ አለ፣ የፈረሙበት መዝገብ አለ፣ የሰዎች ፊት የሌለበት የዱቄት ክምር ፎቶ አለ። አረብ አገር ሆና የላከችው እህታችሁም ብትጠየቅ ከዚህ በላይ የምትፈልግ አይመስለኝም።

ስያሜም እንዲሁ ነው። በየአጥቢያችን «የፕሮጀክት ልጅ» የሚባሉ ልጆች አሉ። በክፋት የሚላቸው የለም፤ ለመለየት ያህል ነው። ነገር ግን ከእናንተ መካከል በዚያ ስም ተጠርቶ ያደገ ካለ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሲጠራ ምን ይሰማው እንደነበር ይንገራችሁ። ስለ እርሱ እኔ ባልናገር ይሻላል።

ለጨዋ ድሃስ? ጎረቤት እንኳ እንዳያውቅበት የሚፈልግ ሰው በሕዝብ ስብሰባ ስሙ ቢጠራ በማግስቱ ሰፈር ይለቅቃል። ለዚህ የብሉይ ኪዳን ሕግ የተለየ መንገድ ነበረው። ባለ እርሻው ሲያጭድ የረሳውን ነዶ ተመልሶ እንዳይወስድ፣ የወይራውንና የወይኑን ቅርምት እንዳያራቁት ታዘዘ፤ ያ ለመጻተኛው፣ ለድሃ አደጉና ለመበለቲቱ ነው። ዝርዝር የለም። ስም የሚጠራ የለም። የቸገረው ራሱ መጥቶ ይቃርማል፤ ያልቸገረው በፀሐይ ጎንበስ ብሎ ለመቃረም አይመጣም። ሩት ወደ ቦዔዝ እርሻ የገባችው እንዲህ ነበር። ቦዔዝ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረ፤ አጫጆቹ ከነዶው ሆን ብለው እየጣሉ እንዲተዉላት፣ እንዳይወቅሷትም አዘዘ። እርሷ ወደ ቤቷ የሄደችው የቃረመችውን ይዛ ነው።

በከተማ ቅርምት ምን ሊሆን ይችላል? አንድ ሐሳብ ልወርውር። የሰፈራችሁ ባለ ሱቅ የዱቤ ደብተር አለው። ዘይትና ስኳር በዱቤ ወስዶ ሦስት ወር መክፈል ያቃተው ማን እንደሆነ ያ ደብተር ያውቃል። እናንተ ስሞቹን ሳታዩ «ለልጆች ምግብ የተወሰደና ከሁለት ወር በላይ የቆየ ዱቤ እስከዚህ ብር ድረስ እንክፈል» ብትሉ፣ ጨዋዋ እናት አንድ ቀን ሱቅ ስትሄድ ዕዳዋ ተሰርዟል። ማንም በሯን አላንኳኳም። ችግሩም ግልጽ ነው፤ ባለ ሱቁ ሐቀኛ መሆን አለበት፤ ደግሞም ዱቤ እንኳ የማይሰጠው ሰው አለ፣ ከሁሉ ይልቅ ድሃው እርሱ ነው። ስለዚህ ይህ ብቻውን አይበቃም።

ዕድርንም ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ዕድር ከሴፍቲኔትም ከበዓል ዕደላም የሚለይበት አንድ ነገር አለው፤ ተረጂ የሚባል ሰው የለውም። ሁሉም በየወሩ ይከፍላል፤ ሐዘን የደረሰበት ይቀበላል። ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ ወንበሩ ሲመጣ የሐዘንተኛው አንገት አይሰበርም፤ የራሱም ገንዘብ አለበት። ዳኛውን፣ ጸሐፊውን፣ ገንዘብ ያዡን የመረጠው እርሱ ነው፤ ቀርቶ ከሆነም ተቀጥቷል። በአሠራር ደረጃ ከዚህ የተሻለ ክብር የሚጠብቅ ነገር አላውቅም። ነገር ግን ወርኃዊ መዋጮ መክፈል ያቃተው ከዕድር ይወጣል፤ ማለትም ዕድር ከሁሉ በታች ያለውን ሰው አያገኘውም። በአንዳንድ ስፍራ የወንጌል አማኞች ከዕድር የተገለሉበት ዘመን እንደነበርም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቋቸው። ከዝርዝር ውጭ መሆን ምን እንደሆነ የእኛ ቤት በራሱ ታሪክ ያውቀዋል።

ስለ መምረጥ ብዙ አልኩ፤ ስለ ማስኬድ ጥቂት ልጨምር። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶችን እያሠለጠነ መደበ፤ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ሲመረጡ ከዚያው አካባቢ እንዲሆኑ፣ ቋንቋውን እንዲያውቁ ተደረገ። የአንድ ዓመት ሥልጠና ወስደው ተመለሱ፤ መጸዳጃ ስለ መቆፈር፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ወሊድ ያስተማሩት የሚያውቋቸውን ሰዎች ነው። ኃይላቸው በዚህ ነበር። የሚያስተምሯቸው 16 ዋና ዋና ጉዳዮች ግን ከላይ የተወሰኑ ነበሩ፤ መንደሩ «ለእኛ መጀመሪያ ውኃው ይቅደም» ቢል ዝርዝሩን የሚለውጥበት መንገድ ጠባብ ነው። እንግዲህ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራምና በማኅበረሰቡ የሚወሰን ፕሮግራም ሁለት ናቸው። ሁለቱም ዋጋ አላቸው። የመጀመሪያውን እየሠራን በሁለተኛው ስም መጥራት ግን ትክክል አይደለም። በክረምት የአረጋዊት ቤት ስታድሱ ጣሪያው ይቀየር ወይስ በሩ ብላችሁ ባለቤቲቱን ጠይቃችኋል? ወይስ ቆርቆሮው አስቀድሞ ተገዝቶ ነበር?

አሁን እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን 60,000ውን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ፤ የተሻለ ካላችሁ ተዉት። ስም ከመጠራቱ በፊት መስፈርቱን ኅብረቱ ይወስን፤ በወረቀትም ይለጠፍ። ገንዘቡ ስንት እንደሆነም ይለጠፍ። ስሞቹን ግን እናንተ አትጥሩ። ከሰፈሩ ሦስት ወይም አራት ሰዎችን ለምኑ፤ አንዷ ጉልት የምትሸጥ፣ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የዕድር ሰው፣ አንዷ ባለፈው ዓመት ዘይቱን የተቀበለች ትሁን። ቢያንስ አንዱ የቤተ ክርስቲያናችሁ አባል ያልሆነ ይሁን፤ አለዚያ ዝርዝሩ የአባላት መዝገብ ይሆናል። የእነርሱ ዝርዝር ለእናንተ እንግዳ ሆኖ ቢመጣ አትደንግጡ። ከ20ው ስም 12ቱን ካላወቃችኋቸው ሥራው እየተሠራ ነው።

ከ60,000ው ደግሞ 54,000ውን ብቻ ለ18 ቤተሰብ አድርጉትና 6,000ውን ሳትነኩ አቆዩ። ይህ ከባድ ውሳኔ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሁለት ቤተሰብ በበዓሉ ቀን ባዶ እጁን ይውላል። ከኅብረቱ መካከል «እነርሱ እየራባቸው ገንዘብ እናስቀምጣለን እንዴ?» የሚል ይነሣል፤ ልክም ነው። ግን ዝርዝሩ ላይ ስሕተት እንዳለ እርግጠኞች ነን፤ የማናውቀው የት እንደሆነ ብቻ ነው። ምንም ገንዘብ ሳይተርፈን ቅሬታ እንሰማለን ብንል ማጽናናት እንጂ መስማት አይሆንም።

ከበዓሉ በኋላ ባለው ሳምንት ሁለት ሰዎች ዕደላው በነበረበት ግቢ ጠረጴዛና ደብተር ይዘው ይቀመጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት። መቀመጣቸው አስቀድሞ በየጉልቱና በየሱቁ ይነገር። የሚመጣ ሰው ይኖራል፤ የሚቆጣም ይኖራል፤ «እከሊት ምን ጎድሏት ነው?» የሚልም አይጠፋም። ሁሉም ይጻፍ፤ ማታውኑ ሄዳችሁ እዩ። ከሁለቱ ተቀማጮች አንዱ ከኅብረታችሁ፣ ሌላው ከሰፈሩ ይሁን፤ ስሞቹን ከመረጡት መካከል ግን ማንም አይቀመጥ።